የጎደለው አራት ክንድ

ጃሹቤን ከጀልባው ከወረዱ ጀምሮ የብሩን ሣጥን ከእቅፋቸው አላወጡትም። ልጃቸው ኪርቲ መኪናው ውስጥ «ባ፣ ልያዝልሽ» ብሎ ሁለቴ ጠየቀ። ባ ማለት በነሱ አፍ እማ ማለት ነው፤ ሠራተኛውም እንግዳውም ከዚህ ሌላ ጠርቷቸው አያውቅም። ሁለቴም የመለሱለት አንድ ቃል ነው።

«ከባድ አይደለም።»

ከባድ ነበር። ውስጡ ከአማታቸው የተረከቡት የእምነታቸው ታላቅ መምህር የማሃቪር የነሐስ ምስል አለ። ቁመቱ ስንዝር አይሞላም፤ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ከሙምባይ ቤታቸው ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ሲል፣ ኮከብ ቆጣሪው በመረጠው ሰዓት፣ ልጃቸው አሊባግ ዳርቻ ባሠራው የባሕር ዳር ቤት ውስጥ በገዛ እጃቸው መንበሩ ላይ ሊያኖሩት ነው። አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ ዝም ብሎ የሚነሣ ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ሣጥኑን የሙጥኝ ያሉት። ጀርባውንና ጎኑን ባላወቁት ቤት ውስጥ እሱን ትተው መሄድ አልሆንላቸው ብሏል።

በር ላይ የጠበቀቻቸው ቤቱን ያስዋበችው ዲዛይነር ዴልናዝ ነበረች። ፓርሲ ከሚባለው ማኅበረሰብ ናት፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች፤ ስታወራ እጇ አየር ላይ ግድግዳ ያቆማል፣ ያፈርሳል።

«እንኳን ደህና መጡ ባ። ይሄ ቤት እኮ እርስዎን ሲጠብቅ ነው የከረመው።»

«ቤቱ እንኳ አልጠበቀኝም፤ እናንተ ግን ጠብቃችሁኛል» አሉ ጃሹቤን ጫማቸውን እያወለቁ። «ፊታችሁ ላይ ይታያል።»

ቤቱ ያምር ነበር፤ ይህን አልካዱም። ጣሪያው ከተሰበረ መርከብ በወጣ ጣውላ ተለብጧል፤ ምስማር የተነቀለበት ጥቁር ጥቁር ነጥብ እንደ ዝንብ ተበትኖበታል። ወለሉ እንደ ውሃ የተለሰነ ግራጫ ሲሚንቶ ሆኖ በመሐሉ ቀጭን የናስ መስመር ይሄዳል። ከአንድ ግንድ የተፈለጠው ገበታ ሃያ አራት ሰው ያስቀምጣል። የባሕሩ ወገን ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት ሲሆን፣ መስታወቱ እንደ መጋረጃ ወዲያና ወዲህ ይሰበሰባል። ሳሎኑ መሐል ደግሞ ወለሉ ሦስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቆፍሮ፣ ዙሪያውን ትራስ ተደርድሮበታል።

«እንግዳን ጉድጓድ ውስጥ ምን አስገባችሁት?»

«ወግ እንዲሞቅ ነው ባ። ሰው ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ይቀራረባል።»

«እኛ ወለል ላይ ተቀምጠን ነው የተቀራረብነው። የቆፈረልንም የለ።»

ኪርቲ ሳቀ። ሳቁ ግን ከሚገባው ትንሽ ረዘመ፤ እናት ደግሞ የልጇን ሳቅ ርዝመት ታውቃለች።

ከጉድጓዱ ወዲያ በናስ ሰንሰለት የተንጠለጠለ ሰፊ ዥዋዥዌ አለ። ጃሹቤን ተቀመጡበት። ሰሌዳው አልሰፋ አልጠበበ፣ ሰንሰለቱ አልጮኸ፣ እግራቸው ወለሉን ልክ በሚፈልጉት ያህል ነካ። የሚያማርሩበት ነገር ፈልገው አጡ፤ ያን ጊዜ ነው ልባቸው መጀመሪያ የጠረጠረው። የአንድን አሮጊት የጉልበት ቁመት እስከዚህ ድረስ ያጠና ሰው፣ አሮጊቷን አንድ ቦታ አስቀምጦ ሊያቆያት የፈለገ ሰው ነው።

በረንዳው ላይ ገና ያልተሰቀለ እንጨት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጥርሱ እንደ ማበጠሪያ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ጠባብ ጠባብ ክፍተት አለው።

«ይሄስ?»

ዴልናዝ ኪርቲን አየችው። ኪርቲ ባሕሩን አየ።

«ደወል ማንጠልጠያ ነው ባ» አለች ዴልናዝ። «ለመንበሩ።»

ጃሹቤን ክፍተቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። «ሠላሳ ስድስት ደወል?»

«ሲደወል ያምራል ብለን ነው።»

«እኔ በአንድ ደወል ነው እዚህ የደረስኩት» አሉና አለፉ።

የሳቸው መኝታ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ከባሕሩ ተቃራኒ ወገን ነበር። ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ የራሱ ትንሽ ኩሽና አለው፤ ክኩና ምስሩ በየማሰሮው ተሞልቷል፤ እምነታቸው የማይፈቅደው ድንች፣ ሽንኩርትና ሌላ ሥራ ሥር የሚባል ነገር አንዲት ፍሬ የለችበትም። በሩን ግን ሲዘጉት ድምፅ አልሰጠም። መልሰው ከፈቱት። ውፍረቱ አንድ ጋት ይሆናል፤ ጠርዙ በጎማ ተለብጧል።

«ይሄ በር ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረ?»

«የባሕሩ ድምፅ እንዳይረብሽሽ ነው» አለ ኪርቲ።

«ባሕሩ እኮ በዚያ በኩል ነው ልጄ። ደግሞ ባሕር የሚረብሸው ሰው ባሕር ዳር ቤት አያሠራም።»

ጃሹቤን በእምነታቸው ሥርዓት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እህል አይቀምሱም። በጊዜ በልተው፣ ጸልየው፣ ይተኛሉ። የዛሬዎቹ እንግዶች ደግሞ የተጠሩት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ያን ወፍራም በር፣ ያን ሃያ አራት ወንበር፣ ያን ደወል አልባ የደወል ማንጠልጠያ አንድ ላይ ሲያደርጉት ቤቱ ሁለት ፊት ያለው መሰላቸው። አንዱ ፊት ለሳቸው የታጠበ ነው። ሌላውን ማን እንዳሳመረው ለመገመት አልተቸገሩም፤ ምራታቸው ፋልጉኒ ናት። ባሕር ማዶ፣ አንትወርፕ ያደገች የአልማዝ ነጋዴ ልጅ ናት። ልጃቸው ካገባት አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗል፤ በነዚህ ዓመታት ቤታቸው የገባ አዲስ ነገር ሁሉ በሷ በኩል ነው የገባው። በምን አወቁ ብሎ ሰው ቢጠይቃቸው ማስረጃ የላቸውም። ጥርጣሬው ግን ሰንብቶ የቤት ዕቃ ሆኗል።

ሰው ሁሉ ለሥነ ሥርዓቱ ጉድ ጉድ ሲል ጃሹቤን ወደ ጓሮ ዞሩ። ጠባቂው ፓንዱራንግ፣ ሽበታም ጢሙ አፉን የሸፈነበት የመንደሩ ሰው፣ ከጭነት መኪና ላይ በረዶ የሞላ ሣጥን ያወርዳል። አምስተኛው ነው።

«ይሄ ሁሉ በረዶ ለምንድነው?»

«ለሎሚ ውሃ ነው አሉኝ ባ።»

«ምን ያህል ሎሚ ገባ?»

ፓንዱራንግ ጢሙን ነካ አደረገ። «ሎሚውን እንኳ አላየሁትም።»

«ና እስቲ፣ ጣትህን አበድረኝ።»

ጃሹቤን ባላቸው በታመሙ ጊዜ ሙምባይ ጨርቅ ተራ ውስጥ ሱቁን አሥራ አንድ ዓመት ብቻቸውን አስተዳድረዋል። የሳቸው ክንድ ከሱቁ የብረት ዘንግ ጋር አንድ መሆኑን የገበያው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ጨርቅ ሲለኩ የተከራከራቸው ደንበኛ የለም። ሣጥኑን በግራ እጃቸው ታቅፈው፣ የቀኝ ክንዳቸውን በሰሜን በኩል ባለው የውጭ ግድግዳ ላይ አጋደሙ። ክንዳቸው ባለቀበት ቦታ ፓንዱራንግ ጣቱን ያኖራል፤ እሳቸው ከዚያ ይቀጥላሉ።

«ቤት ውስጥ ሜትር አለ ባ፣ ላምጣ?»

«ሜትራችሁ የናንተ ወገን ነው።»

«ለቤቱ ሸሚዝ ሊያሰፉለት ነው እንዴ?»

«ገላው ላይ የደበቀውን ላገኝበት ነው። ጣትህን አታንሣ።»

ሠላሳ አንድ ክንድ። ወደ ውስጥ ገቡ። ያው ግድግዳ ከውስጥ ሲለካ ሳሎኑ ሃያ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለችው የጸሎት ክፍል አምስት። የሦስቱን ግድግዳ ውፍረት ሁለት ክንድ ብለው አሰቡለት። ሃያ ሰባት።

«አራት ክንድ የት ገባ?»

«ግድግዳው ወፍሮ ይሆናላ።»

«የወፈርከውስ አንተ ነህ። የምታውቀው ነገር አለ አይደል?»

ፓንዱራንግ ጣቱን ከግድግዳው አንሥቶ፣ የተቃጠለች ይመስል በሌላኛው እጁ ያዛት። «እኔ የማውቀው ውጪውን ነው ባ። ኮኮናቱን፣ ውሻውን፣ የግቢውን በር። ከደፉ ወዲያ ያለውን የምታውቀው ዴልናዝ ናት።»

ቀና ሲሉ በመስታወቱ ውስጥ ፋልጉኒና ዴልናዝ በረንዳው ላይ ቆመው አዩ። ድምፅ አይሰማም፤ መስታወቱም እንደ መኝታ ቤቱ በር አፍ የለውም። ፋልጉኒ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በእጇ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጃሹቤን አቅጣጫ ትጠቁማለች። ዴልናዝ መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ ታሳያለች። ፋልጉኒ ዘወር ስትል ዓይናቸው ከዓይኗ ገጠመ። ቶሎ አቀረቀረች።

«ያዝኩሽ» አሉ ጃሹቤን በሆዳቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ልብስ ሊቀይር ሄደ። ጃሹቤን የጸሎት ክፍሏን ከውስጥ ዘግተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። መንበሩ ፊት ለፊታቸው ነው፤ ከነጭ እብነ በረድ የተፈለፈለ፣ ትናንሽ አዕማድና የሎተስ አበባ ያሉበት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። እጅ በአፍ ያስጭናል። ቆመው ቢያዩት ኖሮ አድንቀው ይወጡ ነበር። ጉልበታቸው ብዙ ስለማያስቆማቸው ግን ዓይናቸው የሠራተኛ ዓይን በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነበር፤ እዚያ ወለሉ ላይ፣ ከመንበሩ ግርጌ የሚነሣ ቀጭን ጭረት አለ። ቀጥ ያለ አይደለም። እንደ ማጭድ ጎብጦ ይሄዳል።

ባለበት የሚኖር ነገር ወለል አይጭርም።

ሣጥኑን ይበልጥ አጥብቀው ታቀፉ፤ ተነሡ፤ በቀኝ ትከሻቸው መንበሩን ገፋ አደረጉ። አልከበደም። እብነ በረዱ ከነግድግዳው፣ ከነአበባው፣ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ፤ ሰማያዊ መብራት ራሱ በራ።

ጠርሙሶች ናቸው። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ከኋላቸው መስታወት ተደርጎላቸው ሁለት እጥፍ ሆነው የሚታዩ ጠርሙሶች። ጥቁር የድንጋይ ባንኮኒ፣ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ፣ የበረንዳው ማበጠሪያ ወንድም፤ በጥርሶቹ መካከል ባለ ቀጭን እግር ብርጭቆዎች እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። መስታወቱ ውስጥ፣ ከጠርሙሶቹ መሐል፣ አንዲት ነጭ የለበሰች አሮጊት ሣጥን ታቅፋ ታያቸዋለች።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መለካት ነው። አራት ክንድ ሞላ። ለአፍታ ያህል፣ ሊያፍሩበት ቢገባም፣ ደስ አላቸው፤ ክንዳቸው አላረጀም።

ከዚያ ነገሩ ገባቸው፤ ጠርሙሶቹ የያዙት እምነታቸው የሚከለክለውን መጠጥ ነው። እሳቸው ላይ ቤት፣ ከዚያ ወፍራም በር ጀርባ ሲተኙ፣ ግድግዳው ይዞራል። ጠርሙሶቹ ወደ ሰው፣ ማሃቪር ወደ ጨለማ። ንጋት ላይ ደግሞ መልሰው ያዞሩትና እሳቸው አጎንብሰው ይጸልዩለታል። ይህ ሁሉ በየሳምንቱ፣ ምናልባትም እስኪሞቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ዓይናቸው ያዘ። ቤቱ ገና እንግዳ አላስተናገደም፤ ሆኖም ባንኮኒው ጥግ ላይ ያለው ጠርሙስ ወርዶ ግማሽ ላይ ደርሷል።

ግድግዳውን መልሰው አዞሩት፤ በሩን ከፈቱ፤ ተቀመጡ። አልጮኹም። ጩኸት ለሰው መዋሻ ጊዜ ይሰጣል። እንዲህ ብለው ወሰኑ፦ እጠይቀዋለሁ። ልጄ እውነቱን ከነገረኝ ምስሉን የማኖርበት ሌላ ጥግ በዚህ ቤት አይጠፋም። ከዋሸኝ ግን አንድም ጥግ የለም።

ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ላይ ሦስቱም መጡ። ኪርቲ ነጭ ሐር ለብሷል። ፋልጉኒ ታጥባ ፀጉሯ ገና እርጥብ ነው፤ የመዳብ ውሃ ማሰሮ ይዛለች። ዴልናዝ ደፉ ላይ ቆመች።

«ባ፣ ሣጥኑን ክፈቺው እንግዲህ» አለ ኪርቲ። «ዘጠኝ ደቂቃ ነው የቀረን።»

«ይበቃል። ከመንበሩ ጀርባ ምንድነው ያለው?»

ኪርቲ ዓይኑን አላርገበገበም። «ቱቦ ነው። የውሃ ቱቦ።»

«አራት ክንድ ቱቦ?»

«ትልቅ ቤት ነው እኮ ባ።»

ዴልናዝ ከደፉ ላይ እጇን አየር ላይ ዘረጋች። «የናንተው የቤት አቀማመጥ አዋቂ ናቸው ባ። መንበሩ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ይሁን አሉ። ውሃም በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ይሁን አሉ። ጥጉ ደግሞ አንድ ነው። ውሃ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እዚሁ መምጣት ነበረበት።»

ይህ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብለው አሰቡ ጃሹቤን። አዋቂው ባዘዘው መሠረት አዋቂው ቢያየው የሚሞትበትን ነገር ሠርተዋል። ግን እሷም ውሃ የሚያስፈልገው ያ ነገር ምን እንደሆነ አልተናገረችም።

ወደ ፋልጉኒ ዞሩ። ትልቁን ውሸት የሚጠብቁት ከሷ ነበር፤ እንዲያውም ሊሰሙት ጓጉተዋል።

«አንቺስ? አንቺም ቱቦ ነው ባይ ነሽ?»

ፋልጉኒ ማሰሮውን ወለሉ ላይ አኖረች። «መጠጥ ነው ባ።»

«ፋልጉኒ» አለ ኪርቲ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ግድግዳው ይዞራል። እርስዎ ሲተኙ እንዲዞር ነው የተሠራው። ሦስት ወር ሙሉ ንገራት፣ ንገራት አልኩት። ዛሬ ጠዋትም በረንዳው ላይ ዴልናዝን፣ ከሰዓቱ በፊት አንቺ ንገሪያቸው አልኳት። ራሴ ያልነገርኩዎት ስለፈራሁ ነው። ከኔ አፍ ከወጣ፣ የኔ ሥራ ነው ይሉኛል ብዬ ነው።»

«እል ነበር» አሉ ጃሹቤን።

ለራሳቸውም ያልጠበቁት ቃል ነው። ኪርቲ አልጋ ላይ ሽንቱ እንዳመለጠው ልጅ ወለሉን ያያል።

«ባ፣ የንግድ ሰዎች ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ደረቅ ቤት ጠርቼ ማን ይመጣልኛል? ለነሱ ነው። እኔ አፌን አላስነካሁትም።»

«ታዲያ ግማሽ የደረሰውን ጠርሙስ ማን ጠጣው? ቱቦው?»

ዴልናዝ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ከድንጋጤም ከሳቅም ይመስል ነበር። ኪርቲ እናቱን፣ ከዚያ መንበሩን፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ያለውን ጭረት አየ፤ አሁን ገና ያየው ይመስላል።

«ሰዓቱ ሊያልፍ ነው ባ» አለ፤ ድምፁ ተለምኖ የወጣ ይመስል ነበር። «ከዚህ በኋላ ጥሩ ሰዓት ያለው ከአርባ ቀን በኋላ ነው ብሏል።»

«ይለፍ። አሁን አዙረው።»

«ባ...»

«በቀን፣ እያየሁ። ባዶ መንበር እንደፈለገ ይዙር፤ ማንንም አይበድልም።»

አዞረው። ሰማያዊው መብራት በቀትር ብርሃን ፊት የጠወለገ ነገር ሆነ፤ ጠርሙሶቹም ከሱቅ መደርደሪያ የማይለዩ ጠርሙሶች። ጃሹቤን ለጥቂት ጊዜ አዩአቸውና ሣጥኑን አስተካክለው ተነሡ።

«በሁለት ሳምንት ቦታውን ልቀይረው እችላለሁ» አለች ዴልናዝ። «በእውነት ባ።»

«ቤትሽ ያምራል ልጄ። እንደ ዥዋዥዌውማ ያለ ተቀምጬበት አላውቅም። ግን አንቺ ጉልበቴን የለካሽው፣ የማታውን ነገር እንዳላይ ብለሽ ነው።» ወደ ኪርቲ ዞሩ። «የዘጠኝ ሰዓቱን ጀልባ እይዛለሁ። ቤቴ ገብቼ ሳይመሽ እበላለሁ።»

«ማታ የአጎቶቼ ልጆችም ይመጣሉ። ምስሉ የታል ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?»

«ቱቦ በላቸው።»

ፓንዱራንግ ነበር ወደብ ድረስ ያደረሳቸው። ፋልጉኒም አብራ ሄደች፤ ማንም ሂጂ አላላትም። መንገድ ላይ ፓንዱራንግ፣ መሪውን እንደያዘ፣ «አራት ክንድ» አለ ለራሱ፤ «እኔ ሦስት ነበር የመሰለኝ።»

ወደ ጀልባው የሚያስገባው ደረጃ እርጥብ ነው፤ ጀልባውም ይነሣል ይወርዳል። መወጣጫው ላይ ያለው ሰውዬ «እናቴ፣ ግራና ቀኙን በሁለት እጅዎ ይያዙ» አላቸው። ጃሹቤን ቆሙ። ደረጃውን አዩ፤ ሣጥኑን አዩ። ከኋላቸው ፋልጉኒ እርጥብ ፀጉሯ ደርቆ፣ የሥነ ሥርዓቱን ልብስ እንደለበሰች ቆማለች።

«ያዢልኝ።»

ፋልጉኒ ተቀበለች። ክንዷ ሳታስበው ወደ ታች ወረደ። «ከባድ ነው ባ።»

«ከባድ ነው» አሉ ጃሹቤን።

ገብተው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ፋልጉኒ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋለች። የጀልባው ፊሽካ ተነፋ።

«ውረጂ እንጂ። ማታ እንግዳ አለብሽ።»

«ግድግዳውን ማዞር ኪርቲም ይችላል።»

ጀልባው ከወደቡ ተላቀቀ። ጃሹቤን ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ስላጡ፣ የቀኝ ክንዳቸውን አግዳሚው ላይ አጋደሙና እስከ ጫፉ ለኩት። ከዚያ በዓይናቸው ጥግ ምራታቸውን አዩ፤ እንዴት አድርጋ እንደያዘችው፣ በሁለት እጇ፣ ጣቶቿን አቆላልፋ። በደንብ ነው የያዘችው። እንዲህ በደንብ መያዝ ከየት ተማረች?

«ሙምባይ ያለው ቁም ሣጥንሽስ፣ ከውጭ ስንት ክንድ፣ ከውስጥ ስንት ክንድ ነው?» አሉ።

ፋልጉኒ ባሕሩን እያየች ፈገግ አለች። «ሲደርሱ ይለኩት ባ። እኔ ጣቴን አኖርልዎታለሁ።»